ከሁለት ቁልፍ ጀርባ

ሠራተኞቹ «እትዬ ፎጣ» ይሏታል። መጀመሪያ ከኋላዋ ነበር የሚሉት፤ ኋላ ራሷም ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ፎጣ ነኝ» ማለት ስትጀምር ስሙ ጸደቀ። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል ሴት። አሥራ አራት የሽመና ማሽን፣ ስልሳ ሁለት ሠራተኛና አንድ ታናሽ ወንድም አላት። ወንድሟ የማሽኖቹ መካኒክ ነው። ከኪሱ መፍቻ ስለማይጠፋ እሱም «መፍቻ» ተብሎ ቀርቷል። እናታቸው ባወጣችለት ስም የምትጠራው በጣም ስትናደድበት ብቻ ነው።

የምትሠራው ፎጣ ሁሉ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ይህን የመረጠችው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ መንግሥት ለላኪዎች ያወጣው ድጋፍ ሲነገራት ጆሮዋን ማመን አቅቷት ነበር። ክሩ ያለ ቀረጥ ይገባል፣ ማቅለሚያውም፣ ማሽኖቹም። በምላሹ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ክር የተሠራች አንዲት ፎጣ እንኳ አገር ውስጥ አትሸጥም። ለዚህም ሲባል ያለቀለት ዕቃ የሚቀመጥበት መጋዘን ሁለት ቁልፍ ይኖረዋል፤ አንዱ በእሷ እጅ፣ ሌላው በጉምሩክ ሰው እጅ። አንዱ ያለ ሌላው አይከፈትም።

የፈረመች ዕለት መፍቻ ጎኗ ቆሞ «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና…» ብሎ ሲጀምር በክርኗ ጎሸመችው።

እውነት ለመናገር አምስት ዓመት ሙሉ ሳሩ ለምለም ነበር። ፎጣው ይሄዳል፣ ክሩ ይመጣል፣ ማሽኖቹ ከጠዋት እስከ ማታ ይንጫጫሉ። በየዓመቱ በመስታወት የታሸገ የምስክር ወረቀት ይሰጧታል። ወረቀቶቹ ከቢሮዋ ግድግዳ አልፈው ኮሪደሩ ላይ መሰቀል ጀምረው ነበር።

በስድስተኛው ዓመት አንድ የውጭ ሆቴል ስድስት ሺህ ፎጣ አዘዘ። ፎጣው አልቆ፣ ተጣጥፎ፣ በመቶ ሃያ ካርቶን ታሽጎ መጋዘን በገባ በሳምንቱ ከሆቴሉ ባለሁለት መስመር ደብዳቤ መጣ። ሆቴሉ ተሸጧል፤ ስሙም ተቀይሯል፤ አዝናለሁ ይላል። የድሮው ስም ደግሞ በእያንዳንዱ ፎጣ ጫፍ ላይ በሰማያዊ ክር ተሸምኗል።

አገር ውስጥ እንዳትሸጠው ሕግ አለ። ውጭ እንዳትልከው ገዢ የለም። አዲስ ክር እንዳታስገባ የአሮጌው ክር መውጫ ወረቀት ይጠየቃል። አምስት ወር ደጅ ጠናች። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ክር እየጨረሱ ቆሙ። በአምስተኛው ወር የሚሠሩት አራት ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ሠራተኞች ጠዋት ይገባሉ፣ የቆመ ማሽን ይወለውላሉ፣ ማታ ይወጣሉ። «ላም አለኝ በሰማይ» አለች አንዲት አሮጊት ሸማኔ የመጋዘኑን በር እያየች። ሁሉም የቀረውን ያውቀዋልና የጨረሰላት አልነበረም።

ክረምቱ የገባው በዚህ መሀል ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት እትዬ ፎጣ በመጋዘኑ በር ስታልፍ ድምፅ ሰማች። ቆመች። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ዞራ ቀና ስትል የእሑዱ ነፋስ ከጣሪያው አንዱን ቆርቆሮ ገንጥሎ አንጠልጥሎታል። ውኃው ካርቶኑ ላይ እየወረደ ነበር። የራሷን ቁልፍ ከአንገቷ አውጥታ ከፈተች። ሁለተኛው ቁልፍ ግን የጉምሩኩ ነው፤ ከነማሸጊያው እንደ ተንጠለጠለ ነው።

የጉምሩኩን ሰው «ባለቁልፉ» ነው የሚሉት፤ ቁጥብ፣ ሥራ አክባሪ ሰው ነው። ስልኩ ተዘግቷል። ኮቷን ደርባ ወደ መሥሪያ ቤቱ በረረች።

«ስልጠና ሄዷል» አላት መስኮቱ ላይ ያለው ጸሐፊ።

«መቼ ይመለሳል?»

«አሥር ቀን ነው።»

«ቁልፉስ?»

«እሱ ጋ ነዋ። ለሌላ ሰው ማስረከብ ክልክል ነው።»

«ወንድሜ፣ ጣሪያዬ ተገንጥሏል። ዕቃው እየበሰበሰ ነው።»

ጸሐፊው ከልቡ አዘነ። «አስቸኳይ ከሆነ ኮሚቴው ተሰብስቦ ማሸጊያውን መስበር ይችላል፤ መመሪያው ይፈቅዳል።»

«ይሰብሰባ!»

«ሰብሳቢውም እዚያው ስልጠና ላይ ናቸው።»

«ለመሆኑ ስልጠናው ስለምንድን ነው?»

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። «ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት።»

ከዚያ ወጥታ የላኪዎችን ድጋፍ ወደሚመራው መሥሪያ ቤት ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ጋሼ ሹራብን አገኘችው። ጋሼ ሹራብ እንደሷ ላኪ ነው፤ ስሙ እንደሚናገረው ሹራብ ነው የሚያመርተው፤ እሱም ሁለት ቁልፍ አለው። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ድምፁም እንደዚያው።

«አንቺም ልትለምኚ ነው?» አላት።

ነገረችው። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማትና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «የነዚህ ሰዎች ድጋፍ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ? ክራንች ሊሰጡሽ መጀመሪያ እግርሽን ይሰብራሉ። ከዚያ ክራንቹን እንዳትጥዪው ቃል ያስገቡሻል። እኔ ብናገር፣ ብናገር…» በሩ ሲከፈት ቀጥ ብሎ ቆመና «እንዴት አደሩ!» አለ፤ ፊቱ በአንድ ጊዜ በፈገግታ ተሞላ።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሳበላት፣ ውኃ አስመጣላት፣ እስክትጨርስ ሳያቋርጥ አዳመጣት።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ቁልፉ የጉምሩክ ነው፤ እኔ አላዝበትም። ግን ረቡዕ ዕለት ጉብኝት አለን። እንግዶቹ ይህን የላኪዎች ድጋፍ ዕቅድ ለተጨማሪ አምስት ዓመት የሚደግፉ ሰዎች ናቸው፤ ካሜራም አለ። የተመረጠው የእርስዎ ፋብሪካ ነው።»

«የእኔ? አሥር ማሽን የቆመበት?»

«ያን ዕለት ሠራተኞቹ ከጎናቸው ይቁሙ፤ አያስታውቅም።» ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። «ይህን ያነባሉ። ምስጋና ነው፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም።»

«ስለ ጣሪያውስ ልንገራቸው?»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «ይንገሯቸው። ከዚያ ዕቅዱ ይሰረዛል። ሲሰረዝ ማሽኖቹን ያስገቡበት ቀረጥ በአንዴ ይጠየቃል። እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ስድሳ ላኪ አለ። እኔ አልከለክልዎትም።»

ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች። የሚከለክላት ሰው ቢኖር ይሻላት ነበር። የሚከለክላት የለም፤ መሄጃም የለም።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። መፍቻ ብረት መቁረጫ መጋዝ ይዞ ቢሮዋ ገባ።

«ስጪኝ ፈቃድ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅብኝ።»

«የጉምሩክ ማሸጊያ መስበር ስንት ዓመት እንደሚያሳስር ታውቃለህ?»

«እኔ እታሰራለሁ፤ አንቺ ፎጣሽን ታወጫለሽ።»

«አፍህን ዝጋ! ማሽኑን ማን ሊጠግንልኝ ነው?»

መፍቻ ተቀመጠ። መጋዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ «ማሸጊያው ያለው በሩ ላይ ነው» አለ። «ጣሪያው ላይ ማሸጊያ የለም።»

ተያዩ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል መሰላል ይዘው ከመጋዘኑ ጀርባ ዞሩ። ጉብኝቱ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ስለሆነ ሰፊ ጊዜ ነበራቸው። ሐሳቡ መፍቻ በቀዳዳው ወርዶ ካርቶኖቹን ወደ ደረቁ ጥግ ሊያሸሽ፣ ከዚያ ቀዳዳውን በሸራ ሊደፍን ነበር። ግን መፍቻ ዘጠና አምስት ኪሎ ነው። አንድ እግሩን ቆርቆሮው ላይ ሲያሳርፍ ጣሪያው አቃሰተ።

«ውረድ» አለችው እትዬ ፎጣ። «ልትቀብረኝ ነው እንዴ? እኔ እገባለሁ።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«ዕድሜዬን ተወውና ገመዱን ያዝ።»

ቀሚሷን በሱሪ ለውጣ መጥታ ነበር፤ ለካ ልቧ ቀድሞ አውቆታል። በሚስማሮቹ መስመር ላይ በአራት እግሯ እየዳኸች፣ ወገቧን በገመድ ታስራ፣ በቀዳዳው ሾልካ ካርቶን ላይ ዱብ አለች። ካርቶኑ ከሥሯ እንደ ራሰ ዳቦ ተሰነጠቀ።

ውስጡ ጨለምለም ያለ ነበር። የሻገተ ጥጥ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። በቀዳዳው ሥር ያሉት ካርቶኖች ጠቁረው ተደርምሰዋል፤ የተዘረገፉት ፎጣዎች ላይ አረንጓዴ ሻጋታ እንደ ዱቄት ተነስንሷል። አንዱን አነሳችው። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። አምስት ወር ሙሉ ሳትነካው፣ በአንድ ሣንቃ ተለይታ የኖረች የራሷ ሥራ። ለቅሶ የሚሆን ጊዜ አልነበራትም። ገመዱን ከወገቧ ፈትታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ መጎተት ጀመረች። ካርቶን፣ ካርቶን፣ ካርቶን። የደረቁትን ወደ ግራ ጥግ፣ የራሱትን ወደ በሩ። ሳሉ የጀመራት ሠላሳኛው ካርቶን ላይ ነው።

አራት ሰዓት ገደማ የግቢው ዘበኛ ሁለት ጊዜ አፏጨ። መፍቻ ከመሰላሉ ጫፍ ተንጠራርቶ በቀዳዳው ቁልቁል አየ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ መጡ!»

«ማን?»

«እንግዶቹ! ፕሮግራሙ ተገለባብጧል። ሦስት መኪና ናቸው፤ ካሜራም አለ።»

«ገመዱን ጣልልኝ!»

«በር ላይ ናቸው፤ ከጣሪያ ስትወርጂ ያዩሻል። ዝም በይ፤ እመለሳለሁ።»

ሸራው በቀዳዳው ላይ ተሳበ። መሰላሉ ግድግዳውን እየቧጨረ ሲነሳ ሰማች። ከዚያ የመፍቻ ሩጫ ራቀ፤ እሷም በጨለማው ውስጥ ብቻዋን ቀረች።

መጀመሪያ የሽመናውን ክፍል ነው የጎበኙት። አራቱ ማሽኖች ሲንጫጩ ሰማች፤ በሌሎቹ አጠገብ ሴቶቿ ቀጥ ብለው ቆመው በዓይነ ሕሊናዋ ታዩዋት። ከዚያ ድምፆቹ እየቀረቡ መጡ። የዳይሬክተሩን ጫማ ለየችው። እግሮቹ ሁሉ በሩ ፊት ቆሙ። በሣንቃው ስንጥቅ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ የሰው ልብስ ታያት። ትንፋሿን ዋጠች።

«ይህ ነው እንግዲህ የድጋፋችን ማሳያ» አለ ዳይሬክተሩ። «ሁለት ቁልፍ። አንዱ በባለቤቷ፣ አንዱ በመንግሥት እጅ። ባለቤቷ እንኳ ብትሆን ብቻዋን መግባት አትችልም።»

«ባለቤቷ የት አሉ?» አለች አንዲት እንግዳ።

የመፍቻ ድምፅ መጣ፤ ትንፋሹ ከሩጫው ገና አልተመለሰም። «አሟታል። ድንገት ነው። እኔ ወንድሟ ነኝ።»

«እንግዲያው ምስጋናውን እርስዎ ያንብቡልን» አለ ዳይሬክተሩ። ሌላ ቅጂ ሳይኖረው አልቀረም፤ ወረቀት ሲዘረጋ ተሰማት።

መፍቻ ጉሮሮውን ጠራረገ። ትምህርት ቤት እያለም ጮክ ብሎ ማንበብ ሞቱ ነበር። «እኔ… እኔ እንደ አንዲት ሴት ላኪ…» ሲል ከካሜራው ወገን ሳቅ ፈነዳ። እሱ ግን አላቆመም፤ የተጻፈውን ማስተካከልም አልመጣለትም። «…እንደ አንዲት ሴት ላኪ፣ የተደረገልኝ ድጋፍ ከጎኔ ያልተለየ፣ በችግሬ ሁሉ የደረሰልኝ በመሆኑ…» ቃሉን እየጎተተ፣ እየተደናቀፈ እስከ መጨረሻው አነበበው። ጭብጨባ ሆነ።

ይህን ጊዜ ሳሉ ደረቷን ፈነቀለው። አጠገቧ ያለውን ፎጣ አንስታ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ሻጋታው ምላሷ ላይ ተጣበቀ። ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ስትንቀጠቀጥ ከላይ ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ ሸራው አጎደጎደና ውኃው በማጅራቷ ገባ።

«ሌሎቹስ ላኪዎች ስለ ድጋፉ ምን ይላሉ?» አለች እንግዳዋ።

«አንድ አብረውን አሉ» አለ ዳይሬክተሩ።

«እኔ በበኩሌ» አለ የጋሼ ሹራብ ግዙፍ ድምፅ፣ «ቃል ያጥረኛል! ያለዚህ ድጋፍ ዛሬ ላይ አልደርስም ነበር።» አንዲት ቃል ሳታስቀር፣ ሳይደናቀፍ፣ እንደ ጸሎት አወረደው። እትዬ ፎጣ ልትናደድበት ሞከረች፤ አልሆነላትም። መጋዘኑ ውስጥ ባትቀር ኖሮ እሷም ወረቀቷን ይዛ እዚያው ጎኑ ትቆም ነበር።

«ውስጡን ማየት ይቻላል?» አለች እንግዳዋ።

እትዬ ፎጣ ወደ ካርቶኖቹ ጀርባ ተሸጎጠች።

«ይቅርታ፣ የሁለተኛው ቁልፍ ያዥ ስልጠና ላይ ነው» አለ ዳይሬክተሩ፤ በድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረ። «ሥርዓቱ እንዲህ ጥብቅ ነው።»

ሄዱ። መኪኖቹ ተነሱ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሸራው ተገለጠና የመፍቻ ፊት ብቅ አለ። ጎትቶ ሲያወጣት ከእግር እስከ ራሷ ረጥባ፣ ከንፈሯ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። መሬት ሲደርሱ መሰላሉ ሥር ተቀመጡ።

«ሰማሽኝ?» አላት።

«ሰማሁህ፣ አንቺ ሴት ላኪ።»

ሳቅ ጀመራቸው። ሳቁ ግን ረጅም አልሄደም፤ መሀሉ ላይ መፍቻ ፊቱን በዘይታም እጁ ሸፈነ፣ እሷም ትከሻውን ያዘችው።

ባለቁልፉ በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰ። ማሸጊያውን ፈታ፣ ቁልፉን ከፈተ፣ ገባ፣ ቆመ። መቶ ሃያውን ካርቶን ቆጠረ። ሰማንያ ዘጠኙ ደርቀው በግራ ጥግ ተደርድረዋል፤ ሠላሳ አንዱ በስብሰዋል። ጣሪያውን አየ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የጫማ አሻራ አየ።

«እትዬ፣ ካርቶን እግር የለውም» አለ።

«ውኃ ሲያባርረው ያወጣል» አለችው።

ባለቁልፉ መዝገቡን ገለጠ። «ቁጥሩ ልክ ነው» ብሎ ጻፈ። ወደ በሩ ሲሄድ ፊቱን ሳያዞር «ቁልፉን ለሌላ ሰው ትቼ ልሂድ ብዬ ለምኜ ነበር» አለ። «አይቻልም አሉኝ። አሥር ቀን ሙሉ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ኪሴ ውስጥ ስነካካው ነበር። ቆርቆሮውን አስመቱት።»

የበሰበሱት ሠላሳ አንድ ካርቶኖች በኮሚቴ ፊት እንዲቃጠሉ ተወሰነ። ኮሚቴው እስኪሟላ ሦስት ሳምንት ፈጀ። የተረፉትን ባሕር ማዶ ያለ አንድ ነጋዴ በኪሎ ወሰዳቸው፤ እየተቆራረጡ የጋራዥ ዘይት መጥረጊያ ሊሆኑ። እትዬ ፎጣ ያንን ዋጋ ለማንም አልተናገረችም። ነገር ግን ዕቃው ድንበር ተሻገረ፤ መውጫ ወረቀቱ ተገኘ።

ከድጋፉ መውጣት እንደምትፈልግ ለዳይሬክተሩ ጽፋ ነበር። መልሱ በትሕትና የተጻፈ ነበር። መውጣት ይቻላል፤ የማሽኖቹን ቀረጥ በአንዴ ከከፈሉ። አለዚያ የፈረሙት ውል ሊያበቃ አራት ዓመት ይቀራል። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

አዲሱ ክር በመጣ ዕለት ሠራተኞቹ ተሯሩጠው አራገፉት። አሮጊቷ ሸማኔ አንዱን ጥቅል እንደ ሕፃን አቅፋ ገባች። እትዬ ፎጣ ባለቁልፉ ባቀረበላት ወረቀት ላይ ሦስት ቦታ ፈረመች። ከሰዓት በኋላ አሥራ አራቱም ማሽኖች ተነሱ፤ ሰው ለመነጋገር መጮህ ነበረበት።

መፍቻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጠገቧ መጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ያን ቀን ለምን አላንኳኳሽም? ካሜራው፣ እንግዶቹ፣ ሁሉም እዚያው ነበሩ። አንድ ጊዜ ብታንኳኪ አገር ይሰማ ነበር። እኔ እያነበብኩ ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር፤ አሁን ታንኳኳለች እያልኩ።»

«እንዳንኳኳ ፈልገህ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ፈርቼም ነበር፤ ፈልጌም ነበር።»

እትዬ ፎጣ ወደ ማሽኖቹ ዞረች።

«አስቤበታለሁ» አለች። «አንዴ እጄን አንስቼ ነበር። ግን ባንኳኳስ? የሚከፍት ሰው እኮ እዚያ አልነበረም።»

መፍቻ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ዘጠነኛው ማሽን ላይ ክር ተበጠሰ። የማሽኑ ሠራተኛ እጇን አነሳች፤ እሱም ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደዚያው ሄደ።